ከማን አንሼ

አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ መቀመጫ ሁሉ ስም አለው። ክቡር ትሪቡን አለ፣ ጥላ ፎቅ አለ፣ ከማን አንሼ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ካታንጋ አለ። ከክቡር ትሪቡን በስተቀር እነዚህን ስሞች ኮሚቴ ተሰብስቦ አላወጣቸውም፤ ሪባን የቆረጠላቸውም የለም። ተመልካቹ ራሱ እየተጋፋ፣ ዝናብ እየወረደበት ያወጣቸው ናቸው። ዕድሜያቸው የረዘመው ለዚህ ይሆናል። በዚህች ከተማ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር አደባባዩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሆስፒታሉም ስሙን ሲቀይር ኖሯል፤ ካታንጋን ግን የነካው የለም።

ካታንጋ የኮንጎ ግዛት ነበር፤ እንደ ፈረንጆች በ1960 ከማዕከላዊው መንግሥት ተለይቻለሁ ብሎ ዓለምን ሲያስጨንቅ የነበረ። ርካሽ ትኬት የሚቆርጠው ሕዝብ ከምድር ስም ሁሉ ለሠፈሩ ይህን መረጠ። ለምን እንደመረጠ አልመራመርም። እኔ የምጽፈው ስለ ኳስ ነው።

ጥላ ፎቅ የተቀመጠ ሰው ጨዋታውን ተደላድሎ ያያል። አይጮኽም፤ የሚጮኹለት አሉ። ካታንጋ ያለው ግን ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስትመጣበት ጋዜጣ ይገዛል። አያነበውም። አጣጥፎ ቆብ ይሠራና አናቱ ላይ ይደፋዋል። ጋዜጣ በአገራችን ለሕዝብ ያበረከተውን አገልግሎት የሚያጠና ሰው ካለ ይህን እንዳይረሳ አደራ እላለሁ፤ ቢያንስ ስንቱን ጭንቅላት ከመቃጠል አድኗል። እንዲህ የተቀመጠ ሰው አጠገቡ ላለው ባልንጀራው ሁለት መስመር ቢገጥም አይፈረድበትም፦

ካታንጋ ቁጭ ብለን ፀሐይ ስታቃጥለን፣
ለማዶ ሰው ሰጠች ቀን ሲመሽብን ጥላን።

ስለ ጥላ ነው የተባለው። ሌላ የተባለ ነገር የለም።

ተመልካች ሲመሰገን 12ኛው ተጫዋች ይባላል። ማዕረጉ ደስ ይላል። 12ኛው ተጫዋች ደመወዝ የለውም፣ የፊርማ ገንዘብ አያገኝም፣ ቢጎዳ ቃሬዛ አይገባለትም፣ ለመሰለፍም የሚከፍለው ራሱ ነው። አንድ ጊዜ ከተሰለፈ ደግሞ አይቀየርም። አሰልጣኝ ይቀየራል፣ የክለብ ፕሬዚዳንት ይቀየራል፣ ስፖንሰር ይቀየራል፤ እሱ እዚያው ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ ድሉ የሕዝብ ነው ይባላል፤ ዋንጫው በማን ቢሮ መስታወት ውስጥ እንደሚቀመጥ ግን የታወቀ ነው። ሲሸነፍ «የደጋፊው ጫና ነው» ይባላል። ኳስ በእግሩ ነክቶ የማያውቅ ሰው ግብ አስቆጠረብን ተብሎ ሲወቀስ ያየሁት በዚህ ስፖርት ነው። ሕጉን ለሚያውቅማ ተመልካች ከተፈጠረ ጀምሮ ከጨዋታ ውጪ ነው፤ መስመር ዳኛው ባንዲራ የማያነሣበት አደጋ ይፈጥራል ብሎ ስለማይሠጋ ብቻ ነው።

አባቶች ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም ይላሉ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በዚሁ ስታዲየም ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። መደበኛው 90 ደቂቃ ያለቀው 2 ለ 2 ነበር፤ ድሉ የመጣው በተጨማሪ ሰዓት ነው። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ተጨማሪ ሰዓት በዚህ አገር ትልቅ ክብር አለው። መደበኛው ሰዓት ያልበቃው ሁሉ ተጨማሪ ይጠይቃል፤ ያኔም ያሸነፍነው እንዲህ ነው ይላል። ተመልካችም ደግ ነውና ይሰጣል። አንድ ነገር ብቻ ይረሳል፤ የኳሱ ተጨማሪ ሰዓት 30 ደቂቃ ነው፣ መሀሉ ላይ ጎን ይቀየራል፣ ሲያልቅም ፊሽካ ይነፋል። የባከነውን ሰዓት የሚቆጥረውም ዳኛው ነው። ካታንጋ ላይ ያለ ሰው ስንት እንደባከነ ልቅም አድርጎ ቢያውቅ እንኳ የእሱ ሰዓት አይያዝለትም።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ያንኑ ግብፅን በሜዳችን 2 ለ 0 አሸነፍን። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ሜዳችን ሊሎንግዌ ነበር፣ ማላዊ። አገር ውስጥ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የሚቀበለው ስታዲየም በመጥፋቱ ብሔራዊ ቡድናችን እንግዶቹን በሰው አገር ቆሞ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይል ጀመር፤ ማላዊ፣ ሞሮኮ፣ ሞዛምቢክ፣ ታንዛኒያ። ሠርጉ የኛ፣ ድንኳኑ የጎረቤት። እኛም የሙሽራው ዘመዶች በቴሌቪዥን እልል አልን።

ካፍ የሚጠይቀው ብዙ ነው፤ መልበሻ ክፍል፣ መብራት፣ ሣር፣ የጋዜጠኞች ክፍል። እኔን የነካኝ ግን አንዱ ነው። ለእያንዳንዱ ተመልካች የራሱ ወንበር ይኑረው ይላል፤ ሕዝቡን ሲሚንቶ ደረጃ ላይ መደርደር አይበቃም። ካይሮ የተቀመጠ ድርጅት «ለኢትዮጵያ ሕዝብ ወንበር ይገባዋል» ብሎ ሲሟገትልን እኛ እንኳ ጥያቄውን በዚህ መልክ አንሥተነው አናውቅም ነበር። በኃላፊዎቹ መፍረድ ግን ቀላል አይደለም። ወንበር ላይ ላለ ሰው ስለ ሕዝብ ወንበር ማሰብ ይከብዳል። ወንበር ውድ ነው፤ ደግሞ ከተተከለ በኋላ ቁጥር ይጻፍበታል፣ ቁጥር ከተጻፈበትም ሰው «ይሄ የኔ ነው፣ ተነሥልኝ» ማለት ይለምዳል። ሲሚንቶ ላይ ግን ጠጋ ጠጋ ይባላል። መጠጋጋት የመጣው ከፍቅር ነው እየተባለም ብዙ ዘመን ይታለፋል።

የመለያ ነገር ደግሞ አለ። ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና በሚገናኙበት ቀን ስታዲየሙ ለሁለት ይከፈላል፤ በመካከል ፖሊስ ይሰለፋል፤ ከበሮ ይመታል፤ ዘፈኑም ስድቡም ይወረወራል። ሲያልቅ ግን አንድ ቤት የሚገቡ ወንድማማቾች ነበሩ፣ አንዱ ጊዮርጊስ አንዱ ቡና፤ ከአንድ ትሪ በልተው በማግሥቱ መለያቸውን በአንድ ሳፋ ያጠቡ የነበሩ። ኋላ ላይ የማይታጠብ መለያ መጣ። ክለቡ የማን ነው፣ ደጋፊው ከየት ነው፣ ዳኛው የማን ልጅ ነው መባባል ተጀመረ፤ ድንጋይ ተወረወረ፣ ጨዋታ ተቋረጠ፣ ቡድን እገሌ ከተማ አልሄድም አለ። መለያውን ለሕዝቡ ያከፋፈለው ማን እንደሆነ አይነገርም፤ ለባሹ ግን ብዙ ጊዜ ተቀጥቷል።

እናም ሊጋችን በ2013 ዓ.ም. ከቴሌቪዥን ጋር ከተዋዋለ ወዲህ አዲስ ጥበብ ተማረ። ወቅቱ የኮሮና ነበርና ምክንያት አልጠፋም። ክለቦቹ በሙሉ ተሰብስበው አንድ ከተማ ይገቡ ጀመር፤ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ እያሉ በዙር ተጫወቱ። የሐዋሳው ክለብ ጅማ ላይ ባለሜዳ ሆነ፤ ደጋፊው ሐይቁ ዳር ቀረ። ስድቡ ቀረ፣ ድንጋዩ ቀረ፣ ሰውም ቀረ። ካሜራው ሥራውን ያውቃል፤ ባዶውን ደረጃ ዘሎ ሣሩን ያሳያል። ጨዋታው ያለ አንዳች የጸጥታ ችግር ተጠናቀቀ ሲባል ታዲያ ሐሰት የለበትም።

ተመልካቹ የት ሄደ? ለንደን።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በየሠፈሩ ዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ የዕለቱ ጨዋታ በጠመኔ የተጻፈበት ሰሌዳ ይቆማል። ውስጥ አግዳሚው ሞልቶ ሰው በሰው ላይ ነው። እዚህ የገባ ሰው ሌላ ሰው ነው፤ በቀበሌ ስብሰባ ላይ «ሐሳብ ያለው?» ሲባል ጫማውን ሲመለከት የኖረው ሰውዬ እዚህ አስተያየት ይሰጣል፣ ይተነትናል፣ ይወስናል። አሰልጣኙ አርሴን ቬንገር የለንደኑን አርሰናል እንደ ፈረንጆች ከ1996 እስከ 2018፣ 22 ዓመት መራ። መጀመሪያ ላይ ድንቅ ነበር፤ የ2003/04 ሊግን ሳይሸነፍ ጨረሰ። ወደ ኋላ ግን አራተኛ መውጣት እንደ ዋንጫ ይቆጠር ጀመር። ያኔ ነው አዲስ አበባም፣ አዳማም፣ ደሴም ክርክሩ የጦፈው።

«ባለውለታ ነው! ከሱ በፊት ምን ነበርን? አዲሱን ስታዲየም ያየነው በማን ዘመን ነው?» ይላል አንዱ።

«ያሠራ ሁሉ ዕድሜ ልኩን ይቀመጥበት?» ይላል ሌላው።

«እሺ እሱ ቢሄድ ማን አለ?» ይላል ሦስተኛው፤ ይሄኛው የትም አገር አይጠፋም።

ስለ መተካካት፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ቦርድ ተጠያቂነት፣ በአንድ ወንበር ላይ ስንት ዓመት ይበቃል ስለሚለው ነገር እንዲህ በዕውቀት የሚሟገት ሕዝብ ሌላ ቦታ አላየሁም። ያለቅድመ ሁኔታ፣ ያለ አወያይ፣ ያለ አበል። ቬንገር በመጨረሻ ሲለቅ ያለቀሰ ነበር፣ የጨፈረም ነበር፤ በማግሥቱ ሁለቱም ሥራቸው ገቡ። የቤቱ ባለቤት ብቻ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር በሩን ገርበብ ያደርግና «ጎበዝ፣ ስለ ለንደን ብቻ!» ይላል።

በዓመት አንድ ቀን ደግሞ ተመልካችና ተወዳዳሪ ይቀላቀላሉ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እንደ ፈረንጆች ከ2001 ጀምሮ የሚካሄድ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ ይወጣል፤ ከፊት ያሉት ይሮጣሉ፣ የቀረው እየዘፈነ ይሄዳል። ልብሱ አንድ ስለሆነ ማን ምን እንደዘፈነ መለየት ያስቸግራል። ግጥሞቹን እዚህ አልደግማቸውም፤ ለጤና ስለሚደረግ ስፖርት ነው የምናወራው።

በኪነ ጥበቡ በኩል የተመልካች ሥራ ማጨብጨብ ነው። ይህን ሥራ እንደ ሙያ ያደራጀው የሮማው ኔሮ ነው። ንጉሠ ነገሥትነቱ አልበቃው ብሎ ዘፋኝ ካልሆንኩ አለ። ታሪክ ጸሐፊው ስዌቶኒዮስ እንደሚተርከው ከ5,000 በላይ ጉልበታም ወጣቶች መልምሎ ጭብጨባ አሠለጠናቸው። ጭብጨባውም በዓይነት የተከፈለ ነበር፤ አንዱ እንደ ንብ የሚተም፣ ሌሎቹ ደግሞ ስማቸው ከቤት ክዳን ሸክላ የተወሰደ፣ አንዱ ከጎባጣው፣ አንዱ ከጠፍጣፋው። ለአለቆቻቸው ጠቀም ያለ ገንዘብ ይቆረጥላቸው ነበር። ኔሮ ሲዘፍን ከቴአትሩ መውጣት ክልክል ነው፤ በሩ ይዘጋል። እዚያው የወለዱ ሴቶች ነበሩ ይባላል። የሰለቸው በአጥር ዘለለ፤ መዝለል ያልቻለው የሞተ መስሎ ተኛና ለቀብር ተሸክመው አወጡት። ኔፕልስ ላይ መሬት ተንቀጥቅጦ ቴአትሩ ሲናወጥ እንኳ የጀመረውን ሳይጨርስ አላቆመም። መሬት የሚያህል ነገር አስተያየት ሲሰጥ አለመስማት ትልቅ ችሎታ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ግን ሮማ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሩቅ ነው።

ከተመልካቾቹ መካከል አንዱ እንቅልፍ ጣለው። ቬስፓስያን ይባላል። ከጌታው ፊት ተባረረ፤ ከመንገድ ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ ተሸሽጎ የሚመጣበትን ሲጠብቅ ሠራዊት የሚመራ ጠፋና ተጠራ። እንደ ፈረንጆች በ69 ንጉሠ ነገሥት ሆነ። ያጨበጨቡት 5,000ዎቹ የት እንደደረሱ የሚጠይቅ የለም። በስብሰባ ላይ የሚያንቀላፉ ሰዎችን በክርናችን ስንጎሽም የኖርን ሁሉ ከእንግዲህ በአክብሮት እናንቃቸው።

ፓሪሶችም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኦፔራ ቤታቸው ውስጥ የሚያጨበጭብ፣ የሚስቅ፣ የሚያለቅስ፣ «ይደገም!» የሚል ቅጥረኛ ነበራቸው። ይህ ለኛ አዲስ አይደለም፤ አልቃሽ ነበረችን። ልዩነቱ አልቃሽ የምታወድሰው የሞተ ሰው መሆኑ ነው፤ ሟችም ውዳሴውን ሰምቶ አይታበይም። በየተጠራንበት አዳራሽ ቆመን ስናጨበጭብ ያየ አንድ የቀድሞ የድጓ መምህር ቢሆን ምናልባት እንዲህ ይለን ነበር፦

ተጫዋቹ ሮጦ እግር ስላነሰው፣
ተመልካች ምን ያድርግ፣ እጁን ብቻ ሰጠው።

ጥንቱን ግን ተመልካች የሚፈራ ነገር ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። ተረቱ የእንስሳት ነው። መኳንንቱ መጥተው አዩት፣ ከዚያም ታገደ። አንበሳ አቤቱታ አላቀረበም፣ ጦጣም ስሜ ጠፋ አላለችም፤ ቅሬታው የመጣው ከወንበሩ በኩል ነው። ያኔ የነበረው ተመልካች እንዲህ ጎበዝ ነበር፤ አውሬ አሳይተኸው ራሱን ያያል።

በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ቴአትር ሲመረቅ የመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ታየ። ታሪኩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ንጉሥ ዳዊት የወታደሩን ሚስት ወሰደ፣ ባሏንም ጦሩ በበረታበት ግንባር አሰለፈው። ነቢዩ ናታን ገብቶ አልተቆጣም፣ አልዘለፈም። ብዙ በግ ያለው ባለጠጋ የድሃውን አንዲት በግ ስለመንጠቁ ተረት አወራ። ዳዊት እንደ ማንኛውም ተመልካች ደሙ ፈላ፣ ባለጠጋው ይሙት ብሎ ፈረደ። ናታን ይህን ጊዜ ጣቱን ከመድረኩ ወደ ተመልካቹ አዞረ። እንዲህ ያለ ተመልካች አሁን ከየት ይገኛል? የዛሬው ዳዊት ቆሞ ያጨበጭባል፣ ለተዋንያኑ አበባ ያበረክታል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ሲወጣ ለጋዜጠኞች «በጣም አስተማሪ ነው፣ ባለጠጎች ሁሉ ሊያዩት ይገባል» ብሎ መኪናው ውስጥ ይገባል። ናታንም በሚቀጥለው ሳምንት ለምክክር ይጋበዛል።

አዝማሪ ቤት ሕጉ ሌላ ነው። እዚያ ተመልካቹ ነው ግጥሙን የሚያወጣው፤ ከመቀመጫው «ተቀበል!» ይላል፣ አዝማሪው ቃል ሳያጓድል ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። በሌላው ቦታ ሁሉ «ተቀበል» የሚባለው ተመልካቹ ነው። ስለዚህ ስታዲየም በር ላይ የተመለሰ ሰው፣ ስብሰባ ላይ ጫማውን ሲያይ የዋለ ሰው፣ ማታ እዚያ አይጠፋም። ግጥሙ የገባው ይስቃል፤ ያልገባው ሌላው ሲስቅ አይቶ ይስቃል፤ ገብቶት የማይስቅም ጥግ ላይ አንድ አለ፣ ቢራውን ሳይጨርስ የሚወጣው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አዝማሪው ነገ ቢጠየቅ «የተቀበልኩትን ነው ያልኩት» ይላል። ገጣሚውም «ስለ ትኬት ነው» ይላል፤ እውነቱንም ነው፣ ስለ ትኬት ነው። ተቀበል፦

ትኬት ቆርጠን ቆመን በሩ ተዘግቶብን፣
ጨዋታው አለቀ፤ አሁን ገና ገባን።